የሩፔል ጠመንጃና የሩፔል መዝገብ፦ በሰፊው ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ መምህራንና ተማሪዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሰ ጉዳዩ በ1830ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የነበረው ጀርመናዊ የመስክ እንስሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ጽሑፉ በቁጣ የተጻፈ ቢሆንም አንዳንድ ቁጣው ምክንያት ያለው ነው፤ ነገር ግን ከእውነቱ ጋር ያልተጣራ ብዙ ነገር ተቀላቅሎበታል፤ መደምደሚያው ደግሞ ባዮሎጂ የሚማሩ ልጆቻችንን በቀጥታ የሚነካ ነው። መምህር በመሆኔ ተማሪዎቼ ደጋግመው ስለጠየቁኝ ለእነርሱም፣ ለጸሐፊውም፣ ጽሑፉን ላነበቡ ሁሉ የሚሆን መልስ በጽሑፍ ማስቀመጥ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ነጥቦች ሳላዛባ ላስቀምጥ። ሩፔል ያገኘው አዲስ ነገር የለም፤ ጭላዳን፣ ዋልያን፣ ጉሬዛንና ቀይ ቀበሮን ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸው ነበር ይላሉ። ቀጥለውም ሰውዬው ተመራማሪ ሳይሆን የባለጸጋ ልጅ የሆነ ሀገር ጎብኚ እንደነበረና ሥራውንም ሌሎች እንደሠሩለት ይናገራሉ። ሦስተኛውና ዋነኛው ክሳቸው እንስሳቱን በጥይት እየገደለ ወደ አውሮፓ በማጋዙ ዛሬ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ለደረሱበት የመጥፋት አደጋ መነሻው እርሱ ነው የሚል ነው። አንድ አሞራና አንድ የበረሃ ቀበሮ ለራሱ ክብር ሲል በስሙ እንደሰየመ፣ የብራና መጻሕፍትንም እንደዘረፈ አክለዋል። በመጨረሻም በዱር እየዞሩ እንስሳ መመልከት ዘመኑ ያለፈበት ሥራ በመሆኑ የዘረመል ቤተ ሙከራና ሳተላይት ባለበት በዚህ ዘመን የጅማ ተማሪ ዕድሜውን በመስክ ማባከን እንደሌለበት ይመክራሉ፤ ለዚህም ማጠናከሪያ ሩፔል ጅማን እንኳ ያልረገጠ ሰው ነው ይላሉ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ሰውዬው ማን እንደነበረ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሩፔል በ1794 ፍራንክፈርት ከተማ ከአንድ የባንክ ባለቤት ቤት ተወለደ። ለንግድ ታስቦ ያደገ ቢሆንም በ1817 ግብፅንና ሲናን ካየ በኋላ ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ። ከ1821 እስከ 1827 ሚካኤል ሃይ ከተባለ ሐኪም ጋር በግብፅ፣ በኑብያ፣ በሲናና በኮርዶፋን ተዘዋውሮ እንስሳት ሰበሰበ። በ1830 ዳግመኛ ተነሥቶ በ1831 ምጽዋ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ ስሜንን አጥንቶ፣ ጎንደር ገባ፤ የጣናን አካባቢ ካየ በኋላ በ1833 በምጽዋ በኩል ተመለሰ። የኢትዮጵያን ደጋ አቋርጦ ያጠና የመጀመሪያው የተፈጥሮ ተመራማሪ ተብሎ የሚጠቀሰውም በዚህ ጉዞው ነው። የኢትዮጵያን የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የገለጸበት ሥራ ከ1835 እስከ 1840 በየክፍሉ ታተመ፤ የጉዞ ታሪኩም በሁለት ቅጽ ወጣ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። በ1884 በተወለደ በ90 ዓመቱ እዚያው ፍራንክፈርት አረፈ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክስ እንምጣ። ጸሐፊው «አገኘ» የሚለውን ቃል መጥላታቸው ትክክል ነው፤ እኔም በክፍል ውስጥ አልጠቀምበትም። በበለጠ ጌራ ደን ዳር ለሚኖር ገበሬ ጉሬዛ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው፤ ይህን ሊያስተምረው ከፍራንክፈርት ሰው መምጣት አያስፈልገውም። ነገር ግን ሩፔል ሠራሁ ያለው ሌላ ነገር ነው። የስሜን አዳኝ ዋልያን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የጅማ ገበሬ ግን ዋልያን አያውቀውም፤ የስሜኑም ሰው በበኩሉ በጎጀብ በረሃ ምን እንደሚኖር አያውቅም። የአንዱን ሰፈር ዕውቀት ከሌላው ሰፈር ዕውቀት ጋር ለማነጻጸር አንድ ሰው እንስሳውን መለካት፣ የጥርሱን፣ የራስ ቅሉንና የጠጉሩን ሁኔታ መጻፍ፣ የት ቦታ እንደተገኘ መመዝገብ፣ ናሙናውን ሌላ ሰው መጥቶ ሊመረምረው በሚችልበት ስፍራ ማስቀመጥና ይህን ሁሉ ማሳተም አለበት። ጭላዳ፣ ዋልያና ጉሬዛ በ1835 እንዲህ ባለ መንገድ ተመዘገቡ፤ ቀይ ቀበሮም በ1840 ተከተለ። ሦስቱ እንስሳት በሳይንሳዊ ስማቸው ውስጥ እስከ ዛሬ የሀገሬውን መጠሪያ እንደያዙ መቅረታቸው ሩፔል ስማቸውን ጠይቆ እንደጻፈ ያሳያል፤ ይህ ግን የሕዝቡን ዕውቀት ለሚያጣጥል ሰው የሚሆን ምስክር አይደለም።

የቦታ ምዝገባ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት እኛ የጅማ ሰዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ለቡና ሳይንሳዊ ስም ሲሰጥ ተክሉን በትውልድ ጫካው አላየውም፤ ስለዚህ በከፋና በዙሪያው ደኖች ለሚበቅለው ተክል የዐረብ ምድርን ስም ሰጠው፤ ስህተቱም እስከ ዛሬ አብሮን አለ። ሩፔል ግን ቀይ ቀበሮውን ያየው በስሜን ስለነበረ ስሙንም በስሜን ሰየመው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በሚሠራና በእግሩ ሄዶ በሚሠራ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ጸሐፊው ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ይከስሷቸዋል።

ስለ «ባለጸጋው ጎብኚ» የተባለው ግማሽ እውነት ነው። ባለጸጋ ነበር፤ በራሱ ገንዘብ ተጉዟል፤ ያለ አባቱ ሀብት ይህን ጉዞ ሊያደርገው ባልቻለ ነበር። ይሁን እንጂ ጎብኚ ለጉዞው ሲል ዓመታት አይማርም። ሩፔል ከመጀመሪያው ትልቅ ጉዞው በፊት በፓቪያና በጄኖዋ የተፈጥሮ ሳይንስ ተምሯል፤ ባሮን ፎን ዛህ ከተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅም የቦታን አቀማመጥ በከዋክብት የመለካት ጥበብ ቀስሟል። የሰበሰባቸውንም እንስሳት ሳይሸጥ በፍራንክፈርት ለሚገኘው የዘንከንበርግ ሙዚየም በስጦታ አበርክቷቸዋል። የመጣበት ዘመን ደግሞ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ የጎንደር ነገሥታት ለስም ብቻ የተቀመጡበት፣ መንገድ በየመስፍኑ በር የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከባልንጀራው ከኤረንበርግ ጋር የመጣው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሄምፕሪክ ደጋውን ሳያይ በ1825 ምጽዋ ላይ በበሽታ ሞቶ ቀርቷል። ለመዝናናት የሚወጣ ሰው እንዲህ ያለውን መንገድ አይመርጥም።

«ሥራውን ሌሎች ሠሩለት» በሚለው ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ እንዲያውም እርሳቸው ያላነሡትን ማስረጃ ልጨምርላቸው። ከመጀመሪያው ጉዞው የላካቸውን እንስሳት በአብዛኛው የገለጸው ፍራንክፈርት የተቀመጠው የተፈጥሮ ተመራማሪ ክሬችማር ነው። በኢትዮጵያው ጉዞ ደግሞ ቴዎዶር ኤርከል የተባለ እንስሳ አድራቂ ጀርመናዊ ረዳት ነበረው፤ ሩፔልም በ1835 በሰሜኑ ደጋ የሚኖረውን አንድ ትልቅ ቆቅ በኤርከል ስም ሰየመለት። ገደሉን የሚያውቁት፣ የዋልያውን መውጫና መውረጃ ያሳዩት የስሜን ሰዎች ግን እንዲህ ያለ መታሰቢያ ሲሰጣቸው አልገጠመኝም። በቅሎ የነዱ፣ ጭነት የተሸከሙ፣ በየበሩ ያስተረጎሙ ሰዎችም አሉ። ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ላይ ብቻ ቢጽፉ ኖሮ እኔ መልስ ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር፤ ምክንያቱም ይህ በሩፔል ብቻ ሳይሆን በዚያ ዘመን የመስክ ጥናት ሁሉ ላይ የሚነሣ እውነተኛ ወቀሳ ነው።

ሦስተኛው ክስ ብዙ ሰው የተቀበለው በመሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሩፔል እንስሳት መግደሉን የሚክድ የለም። ነገር ግን ዘመኑን እንይ። የፎቶግራፍ ጥበብ ለሕዝብ የተገለጠው በ1839 ነው፤ ይህም እርሱ ከኢትዮጵያ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ ወፍ ተመልካች ሁሉ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባለ ፕሪዝም አቅርቦ ማያ መነጽር ለገበያ የወጣው በ1894 ነው። በ1832 በስሜን ገደል ላይ የቆመ ሰው አንድን እንስሳ ከሌላው በእርግጠኝነት ለመለየት ቢፈልግ ቆዳውንና የራስ ቅሉን በእጁ ከመያዝ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ተማሪዬ እንዲህ ቢያደርግ ከክፍል ላስወጣው እችላለሁ፤ ያን ዘመን ግን በዚያ ዘመን መሣሪያ መመዘን ይገባል።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር የክሱ አመክንዮ ነው። የሩፔል ጠመንጃ ለመጥፋት መነሻ ከሆነ እርሱ የተኮሰባቸው ሁሉ መመናመን፣ ያልተኮሰባቸውም ደኅና መሆን ነበረባቸው። የሚታየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጭላዳና ጉሬዛ ከሰበሰባቸው እንስሳት መካከል ናቸው፤ ሁለቱም በዝርያ ደረጃ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ወገን አይቆጠሩም፤ ጉሬዛማ እዚሁ ጅማ ዙሪያ ጠዋት ሲጮህ ይሰማል። በአንጻሩ የደጋ አጋዘንን ሩፔል በሕይወቱ አላየውም፤ በሳይንስ የተገለጸው በ1910 ነው፤ ዛሬ ግን ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት አንዱ ነው። ቆርኬም እንዲሁ ከሩፔል ጉዞ ብዙ ዘመን በኋላ በ1892 የተገለጸ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ገደማ የሀገሪቱን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ እርሱንም ፈጅቶታል። እንግዲህ የመመናመኑ ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ምክንያቱም የሚታወቅ ነው። ዋልያን የጎዳው በአፈሙዝ የሚጎርሰው የ1830ዎቹ ጠመንጃ ሳይሆን በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ በሀገሪቱ የተሰራጨው ዘመናዊ መሣሪያ፣ ከዚህም ጋር እስከ ገደሉ አፋፍ የወጣው እርሻና ግጦሽ ነው። የስሜን ፓርክ በ1969 የተቋቋመውም ዋልያን ለማዳን ነው፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ እስከ 2017 ድረስ የቆየው በዚሁ ሰፈራ፣ እርሻና ግጦሽ የተነሣ ነው። ቀይ ቀበሮን ደግሞ ያመናመነው በውርጭ ደጋ ላይ እየወጣ የመጣው እርሻና ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ የተነሣው ወረርሽኝ የዚያን ሸለቆ ቀበሮዎች አብዛኛውን ክፍል ጨርሷል፤ የተቀሩት የተረፉት ተመራማሪዎች በክትባት ስለደረሱላቸው ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል እንኳ አይሞሉም። የዚህን ሁሉ ጥፋት በአንድ የሞተ ጀርመናዊ ላይ መጫን በቀላሉ የሚገላግል መፍትሔ ይመስላል፤ ውሻውን የሚያስከትብ ግን አይገኝበትም።

የገዛ ምድራችንን ጉዳይም ልጨምር። የጉሬዛ ቆዳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ ለሴቶች ልብስ ማጌጫ ተፈልጎ ከአፍሪካ እጅግ ብዙ ቆዳ ተጭኗል፤ በሀገራችንም ለምንጣፍና ለጌጥ ሲፈለግ ኖሯል። ይህ የነጋዴና የገዢ ሥራ ነው እንጂ የሙዚየም ሥራ አይደለም። በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ያለ ናሙና እንዲያውም ለሕያዋኑ ሲከራከርላቸው ታይቷል፦ በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች በየሙዚየሙ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተቀመጡ የአሞራና የጭልፊት እንቁላሎችን ከአዲሶቹ ጋር አነጻጽረው ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት ቅርፊቱን እንዳሳሳው ያረጋገጡት አሮጌው እንቁላል በመኖሩ ነው።

ስለ ስም አሰጣጡ የቀረበው ክስ በአጭሩ የሚመለስ ነው፤ ስህተት ነውና። የሩፔልን ስም የያዘውን የበረሃ ቀበሮ በ1825 የሰየመው ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሺንትስ ነው፤ ጥንብ አንሳውን በ1852 የሰየመው ደግሞ ጀርመናዊው ተመራማሪ ብሬም ነው። ሌሎች ያከበሩትን ሰው ራሱን አከበረ ብሎ መክሰስ አይገባም። የሰው ስም ከወፎች መጠሪያ ይውጣ የሚለው ክርክር ራሱ ግን ተገቢ ክርክር ነው፤ የአሜሪካ የወፍ ተመራማሪዎች ማኅበርም በ2023 በሥሩ ያሉ ወፎችን የእንግሊዝኛ መጠሪያ ከሰዎች ስም ለማላቀቅ ወስኗል። እኛ ግን ጥንብ አንሳን መቼም ቢሆን በሩፔል ስም ጠርተነው አናውቅም፤ ስለዚህ በአማርኛ የምንፍቀው ነገር የለም። ጸሐፊው ስለዚህ አሞራ መጻፍ ከፈለጉ የሚጻፍ ሞልቷል፦ በ1973 ከአይቮሪ ኮስት ከተማ ከአቢጃን በላይ በ11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው የዚህ ዝርያ አሞራ ነው፤ ከ2015 ጀምሮም በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል፤ ለዚህም ዋነኛው ምክንያት መርዝ ነው።

የብራናው ጉዳይ ከእንስሳት ጥናት ውጭ ስለሆነ አልቆይበትም። ሩፔል ያመጣቸው የግእዝ ብራናዎች ፍራንክፈርት መሆናቸው እውነት ነው፤ ዝርዝራቸውም በ1897 ታትሟል። ነገር ግን በጎንደር በግዢና በማስገልበጥ የተገኘ መጽሐፍና በ1868 መቅደላ ላይ ንጉሥ ከሞተ በኋላ በጦር ኃይል የተጋዘ መጽሐፍ አንድ አይደሉም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጥራት የሚጠቅመው የመቅደላን ቅርስ መመለስ የማይፈልጉትን ነው፤ «ሁሉም ዘረፋ ከሆነ የትኛውን እንመልስ» ለማለት ምክንያት ያገኛሉና።

አሁን ይህን መልስ ወዳስጻፈኝ ነጥብ ደረስሁ። የመስክ ጥናት አልፎበታል የሚለው ምክር በቁጣ ሳይሆን በተረጋጋ መንፈስ የተጻፈ ስለሆነ የበለጠ ጉዳት አለው። ራሱን የሩፔልን ሥራ ምሳሌ አድርጌ ልጀምር። ሩፔል ከጣና ዓሦች መካከል ባርበስ የሚባሉትን ትልልቅ ዓሦች በ1830ዎቹ በተለያዩ ዝርያዎች ከፋፍሎ ገለጻቸው። በ1970ዎቹ በሙዚየም ናሙናዎች ላይ የተሠራ ክለሳ ግን ልዩነታቸው የአንድ ዝርያ መለዋወጥ ብቻ ነው ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም ጠቀለላቸው። የተጠቀለሉት ዓሦች እንደ ገና የተለዩት በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሐይቁ ላይ ወጥተው፣ የተያዘውን ዓሣ ትኩሱን ተመልክተው፣ የትኛው በምን ጥልቀት እንደሚኖርና ምን እንደሚበላ ከመረመሩ በኋላ ነው። ዛሬ በጣና ወደ 15 የሚሆኑ የዚህ ወገን ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ከመካከላቸውም 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ ይህም በዚህ የዓሣ ወገን እጅግ ያልተለመደ ነው። አጥኚው መሳቢያው ውስጥ ባለው ናሙና ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ስም ተጠቅልሎ ይቀር ነበር። ከእነዚያው ሩፔል ከገለጻቸው ዓሦች አንዱ በግልገል ጊቤ የግድብ ሐይቅም ይገኛል፤ እዚህ ጅማ ገበያ የሚሸጠውን ዓሣ ማን እንደገለጸው ጸሐፊው ያውቁት ይሆን?

ዘረመልን በተመለከተ ቤተ ሙከራውን የሚንቅ ሰው አይደለሁም። በ2011 የኦስሎ፣ የኦክስፎርድና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ቀበሮ ይባል የነበረ አንድ የሰሜን አፍሪካ እንስሳ በእርግጥ የተኩላ ወገን መሆኑን በዘረመል አሳይተዋል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የተመረመረው ናሙና ከኢትዮጵያ ደጋ በእግር ተሂዶ የተሰበሰበ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ ያንኑ እንስሳ ከግብፅ ሰብስበው፣ ገለጻውም በ1832 ሲታተም ተኩላ መሰል መሆኑን በስሙ ውስጥ አስገብተውት ነበር። የመስክ ሰዎች ዐይን ያየውን ቤተ ሙከራው ከ180 ዓመት ገደማ በኋላ አጸናው ማለት ነው። ሁለቱ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ሥራ አይደለም።

ሳተላይትን በተመለከተ ደግሞ የጅማ ሰው ከማንም በላይ ሊናገር ይችላል። በዙሪያችን ያለው ቡና የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከሰማይ የሚነሣ ምስል የዛፎቹን አናት ብቻ ስለሚያሳይ የተመነጠረው የቡና ማሳና ያልተነካው ደን አንድ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆነው ይታያሉ። ከሥር ግን ቁጥቋጦው ተጠርጎ፣ ሐረጉ ተቆርጦ፣ ችግኙ ተነቅሎ ቡና ብቻ ቀርቷል፤ በዚያ ቁጥቋጦ ይኖር የነበረው ወፍና አይጥም ሄዷል። ይህን ልዩነት ማወቅ የሚቻለው ከዛፉ ሥር ገብቶ፣ ጠዋት ጠዋት ድምፅ አዳምጦ፣ ወጥመድ አስቀምጦና ቆጥሮ ነው። ሁሉ ነገር ተገኝቶ አልቋል ለሚሉም በ2003 በደቡብ ምዕራብ ከሸኮ ደን ለሳይንስ አዲስ የሆነ የአይጥ ዝርያ መገለጹን ላስታውሳቸው። እንስሳውም የኢትዮጵያን አጥቢ እንስሳት ዝርዝር ሲያዘጋጁ ብዙ ዓመታት ከደከሙት ተመራማሪዎች በአንዱ፣ በደሪክ ያልደን ስም ተጠርቷል። ያ ደን ከእኛ እጅግ የራቀ አይደለም።

ደግሞም የእንስሳት ጠባይ አለ፤ ይህን ሳተላይትም ዘረመልም አይነግረንም። በመንዝ ጓሳ ጭላዳዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር አይተዋል፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል በዝግታ እየተመላለሰ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። በመንጋው መካከል ሲያድን 67 በመቶ ሙከራው ሲሳካለት ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶ ብቻ ነው። ጥናቱ የታተመው በ2015 ነው። ሩፔል በአንድ ጉዞ ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው ሁለት እንስሳት እርስ በርስ ምን እንደሚሠሩ ለማወቅ 180 ዓመት ገደማ ፈጀ፤ የታወቀውም በብርድ ውስጥ ቁጭ ብለው ያዩ ሰዎች ስላሉ ነው።

«ጅማን አልረገጠም» ለሚለውም እንግዲህ መልሱ ከዚሁ ይወጣል። እውነት ነው፣ ጊቤን አልተሻገረም። ነገር ግን እርሱ በሰሜን የገለጻቸው ጉሬዛ፣ ጉንጩ ነጭ የሆነው ቱራኮ የተባለው ወፍ፣ አፈ ወፍራሙ ቁራና በማለዳ በየግቢው የምትዘምረው ደረተ ብርቱካን ወፍ ሁሉም ጅማ አሉ። እነዚህ እንስሳት በስሜንና በጣና ዙሪያ በ1830ዎቹ ምን ይመስሉ እንደነበር የተጻፈ መነሻ አለን፤ በጅማ ደኖች ግን የዚያን ዘመን መነሻ የለንም፤ ያንን የሚጽፍ ሰው በጊዜው ስላልመጣ ነው። ተማሪዎቼ ዛሬ በቦዬ ረግረግ የአክሊለ ጥቁር ሽመላዎችን ሲቆጥሩ የሚሠሩት ይህንኑ የጎደለ መነሻ ነው፤ ልዩነቱ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የቆጣሪውም የአሳዩም ስም የእነርሱና የሰፈሩ ሰዎች ስም መሆኑ ነው።

ጸሐፊው በቀጣዩ ክፍል ስለ ፈረንሳዊው ተጓዥ ስለ አንቷን ዳባዲ እንደሚጽፉ አስታውቀዋል። ዳባዲ በ1843 እናርያ ስለደረሰና ወደ ከፋም ስለዘለቀ ይህ ለእኛ የቀረበ ጉዳይ ይሆናል። በእርሱ ላይ የሚጸና ወቀሳ ከፈለጉ አንድ አለ፦ የነጭ ዓባይ ምንጭ ጊቤ ነው ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲሟገት ኖሯል፤ በዘመኑም እንግሊዛዊው ቤክ በጽሑፍ ተቃውሞታል። ጊቤ ግን ወደ ኦሞ ገብቶ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ስህተቱ በመዝገብ የተጻፈ፣ በወንዙ ዳር በመሄድም የሚረጋገጥ ስህተት ነው።